ማይኩ ምን እንዳይሰማ ይፈለጋል? የማይክ አመራረጥ ለድምፃዊና ለባህል መሣሪያ

የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» እ.ኤ.አ. በ1982 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዌስትሌክ ስቱዲዮ ሲቀረጽ የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን ማይክ የሚቸግረው ሰው አልነበረም። በማይክ ስብስቡ የታወቀ ባለሙያ ነበር፤ በውድነታቸው የሚጠሩት ኮንደንሰሮች በእጁ ነበሩ። ለማይክል ድምፅ ያቆመው ግን ሹር ኤስኤም7ን ነው፤ የራዲዮ አስተዋዋቂዎች የሚናገሩበትን፣ ዋጋውም ከእነዚያ በብዙ የሚያንሰውን ዳይናሚክ ማይክ። አልበሙን በሽያጭ የሚስተካከለው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ማይክ ሊገዛ የወጣ ሰው ባለሱቁን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም። ለበገና የተመረጠ ማይክ ከበሮ ፊት ሲቆም አይሆንም፤ ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ትንፋሽ ሳይቀር የሚለቅመው ማይክ ሠርግ አዳራሽ ሲገባ የስፒከሩንና የታዳሚውን ጫጫታ ሰብስቦ ያመጣል። ጥያቄውን ገልብጦ መነሣት ይሻላል፦ ይህ ማይክ ምን እንዳይሰማ ነው የሚፈለገው? ይህ ከታወቀ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ግማሹ ዕቃ ወዲያው ከምርጫው ይወጣል።

መጀመሪያ ክፍሉ

የሚቀዱበት ወይም የሚጫወቱበት ክፍል መሀል ቆመው አንድ ጊዜ በኃይል ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ወዲያው ከጠፋ ክፍሉ ይመቻል። የሴራሚክ ወለልና ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ባለው ክፍል ግን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ጭራ ያስከትላል፤ ያ ጭራ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ተለጥፎ ይቀረጻል። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ፦ ፍሪጅ፣ ጄኔሬተር፣ ከውጭ የታክሲ ረዳት ጥሪ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ የክረምቱን ዝናብም አስቀድመው ያስቡ። በሐምሌና በነሐሴ ቀረጻውን ወደ ጠዋት ማዞር ማንኛውም ውድ ማይክ የማይሰጠውን ጥቅም ይሰጣል።

ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ካለ የሚሰቀለው ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል፤ ነገር ግን የተለመደው ማይክ የሚሰማው በፊቱ በኩል ነው፣ በፊቱ በኩል ያለው ደግሞ ዘፋኙና ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው።

ዳይናሚክ ወይስ ኮንደንሰር?

«ዳይናሚክ የክፍሉን ድምፅ አይሰማም» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል። ጥቅሉ ክብደት ስላለው ማይኩ ለረቂቅ ድምፅ ቶሎ አይነቃም፣ የሚያወጣውም ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ዘፋኙ ተጠግቶ ይዘፍንበታል። ክፍሉን የሚያስረሳው በዋናነት ይኸው መጠጋት ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር የዘፋኙ ድምፅ ማይኩ ላይ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የክፍሉ ጭራ ግን ባለበት ይቆያል።

ኮንደንሰር በአንጻሩ ከአንድ ሳህን ፊት የተወጠረ እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ ሙሌት አለ። ሽፋኑ ቀላል ስለሆነ ጣት ክርን ሲለቅ፣ ትንፋሽ ሲነሣ ሁሉ ይይዛል። ኮንደንሰር ባብዛኛው የሚሠራው ግን ከሚክሰሩ ወይም ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ሲደርሰው ነው፤ ባለሙያዎቹ ፋንተም ይሉታል። ይህ ቁልፍ የሌለው ትንሽ ሚክሰር ያለው ሰው ኮንደንሰር ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ማይኩ ዝም ይልበታል፤ ከመግዛትዎ በፊት ቁልፉ መኖሩን ያረጋግጡ።

በዳይናሚክም በኩል ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ዛሬ በየፖድካስቱ የሚታየው ኤስኤም7ቢ ደካማ ምልክት ስለሚያወጣ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን፣ ማለትም ማጉላት፣ ይጠይቃል። ርካሽ ሳውንድ ካርዶች ጌይናቸው እዚያ ድረስ ሲከፈት ከድምፁ ጋር «ሽሽሽ» የሚል ነገር ያመጣሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘቡን በማይክና በሳውንድ ካርድ መካከል አካፍሎ፣ ማይኩን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ብልህነት ነው።

ሪበን የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ ስስ የአልሙኒየም ጥብጣብ ነው። ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ነፋስና መውደቅ ግን አይችልም። አሮጌ ሪበን ከተሰካበት ቻናል ላይ 48 ቮልቱን ማጥፋት ልማድ ይሁንዎ፤ ገመዱ የተበላሸ ከሆነ ጥብጣቡ ሊጎዳ ይችላል።

ማይኩና ሞኒተሩ

መድረክ ላይ ማይክ የሚጮኸው የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሲሰማ ነው። ስለዚህ የማይኩን የጀርባ ባሕርይ ማወቅ ከምርት ስሙ ይበልጣል። ካርዲዮይድ የሚባለው በቀጥታ ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ሞኒተሩ፣ ማለትም ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር፣ ከዘፋኙ ፊት፣ በቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ሲቀመጥ ይስማማዋል። ሱፐርካርዲዮይድ ግን ጎኑን አጥብቦ ከጀርባው ትንሽ ክፍት ይተዋል፤ ደንቆሮ የሚሆነው ከፊቱ ወደ 125 ዲግሪ ዞር ባለው አቅጣጫ ነው። ለእሱ ሞኒተሩ ከመሀል ወጥቶ ወደ ጎን ሰያፍ ይቀመጣል፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የሹር ኤስኤም58 ካርዲዮይድ ነው፣ ቤታ 58ኤ ሱፐርካርዲዮይድ። የተሻለ ማይክ ገዛሁ ብሎ አንዱን በሌላው የተካ፣ ሞኒተሩን ግን ያላንቀሳቀሰ ባንድ ከበፊቱ የባሰ ፉጨት ይገጥመዋል፤ ጥፋቱም በአዲሱ ማይክ ላይ ይላከካል።

ለድምፃዊ

ኤስኤም58 ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የሚያነበው ከ50 ኸርዝ እስከ 15 ሺህ ኸርዝ ነው፤ ቃላት የሚለዩበትን ክልል ከፍ አድርጎ ያወጣል፤ በዚህም ምክንያት ከባንድ ጫጫታ መሀል ግጥሙ ይሰማል። ለሠርግ፣ ለምሽት ክበብ፣ ለጸሎት ቤት መድረክ ከዚህ ወይም ከአምሳያዎቹ መጀመር ስሕተት የለበትም።

የማይኩን ወንፊት በመዳፍ መሸፈን ግን ጨርሶ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ካርዲዮይድነቱን የሚሰጡት ከወንፊቱ ሥር በጀርባ በኩል ድምፅ የሚያስገቡት ቀዳዳዎች ናቸው። እነሱ ሲታፈኑ ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ድምፁ በአፍንጫ እንደሚዘፈን ይሆናል፣ ፉጨትም ይከተላል። ማይኩ በእጀታው ይያዝ።

ርቀትን በተመለከተ የትዝታ ዘፋኝ ነገሩን በጆሮው ያውቀዋል። ለስለስ ብሎ ሲያንጎራጉር ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይጠጋል፤ መጠጋቱ ወፍራሙን የድምፁን ክፍል ስለሚያጎላ ድምፁ ይሞቃል። ቅላጼውን ከፍ ሲያደርግ ማይኩን አንድ ስንዝር ያርቃል። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው በጣም ሲጠጋ ቃሉ ይጨማለቃል፤ ለእሱ ሚክሰሩ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጠውን ቁልፍ መጫን ይበጃል።

ስቱዲዮ ውስጥ፣ ክፍሉ ጸጥ ካለ፣ ሰፊ ሽፋን ያለው ኮንደንሰር ይመጣል። ለዚህ ዓይነት መለኪያ ሆኖ የኖረው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የጀርመኑ ኖይማን ዩ87 ነው። በብዙ እጅ የረከሰው የአውስትራሊያው ሮድ ኤንቲ1 ደግሞ በጸጥታው ይታወቃል፤ የራሱ የውስጥ ሽውታ ከ5 ዴሲቤል አይበልጥም። አፍ ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይርቃል፣ በመሀል የትንፋሽ ምትን የሚያግደው ፖፕ ፊልተር ይቆማል።

የአማርኛ ዘፋኝ ኮንደንሰር ሲሞክር አንድ ተጨማሪ ነገር መፈተሽ አለበት። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ አጭርና ስለታም ፍንዳታ አላቸው። የላይኛውን ድምፅ በጣም የሚያደምቁ ርካሽ ኮንደንሰሮች እነዚህን ፊደላት ወደ ጠጠር ይለውጧቸዋል፤ ስና ሽንም ያፏጯቸዋል። የማይኩ ማስታወቂያ የተሠራው በእንግሊዝኛ ዘፈን ስለሆነ ይህ እዚያ አይሰማም። ስለዚህ «ጸጥ ባለ ጠዋት ጨረቃ ጠልቃ ስትሸሽ» የመሰለ ሐረግ በቅርብም በሩቅም ብለው ይቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። የሚወጋ ከሆነ ማይኩን ከአፍ ፊት ወደ ጎን ጥቂት ሰያፍ ያድርጉት፤ አሁንም ከወጋ ያ ማይክ ለእርስዎ አይደለም።

ለባህል መሣሪያ

ለጊታርና ለፒያኖ የማይክ አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል በየመጽሐፉ አለ። ለማሲንቆ ግን ፋብሪካው ሥዕል አይልክም። ዘዴው ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ሲጫወት አንድ ጆሮዎን ደፍነው በሌላው ጆሮ በመሣሪያው ዙሪያ በዝግታ ይዙሩ። ድምፁ ሙሉ ሆኖ የተሰማበት ቦታ ላይ ማይኩን ያቁሙ። ከዚያ ሌላ ሰው ማይኩን ጥቂት ጥቂት ሲያንቀሳቅስ በጆሮ ማዳመጫ ያረጋግጡ።

ክራር ላይ ይህ ፍለጋ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆዳው ጠርዝ ያደርሳል። ቀዳዳው ላይ በቀጥታ የተደቀነ ማይክ ጉምጉምታ ብቻ ያመጣል። ክሮቹ በጣት ሲደረደሩ ትንሽ ሽፋን ያለው ኮንደንሰር በ30 ሴንቲሜትር አካባቢ ጥሩ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲገረፉና ከጀርባ ድራም ሲኖር ኤስኤም57ን የመሰለ ዳይናሚክ በ10 ሴንቲሜትር ይበቃል። ሶኬት ያለው ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ ገመዱ ምልክቱን ለሚክሰሩ በሚያስማማው ትንሽ ሳጥን፣ በዲአይ ቦክስ በኩል ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል፤ በጫጫታ መድረክ ማይክ አያስፈልገውም።

ማሲንቆ ሁለት ድምፅ አለው፦ ከተወጠረው ቆዳ የሚወጣው ዘፈንና ደጋኑ ጭራውን ሲፍቅ የሚሰማው ፍትጊያ። ማይኩ ወደ ደጋኑ ሲጠጋ ፍትጊያው ያሸንፋል፣ ወደ ቆዳው ሲዞር ዘፈኑ። ከሁለቱ አንዱን ጨርሶ ማጥፋት ማሲንቆውን ያደርቀዋል፤ ቆዳው ፊት ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ላይ ሆኖ በትንሹ ወደ ደጋኑ ያዘነበለ ማይክ ሁለቱን ያስታርቃል። አዝማሪው በእንግዶች መካከል እየተዘዋወረ የሚጫወት ከሆነ ማቆሚያ ከንቱ ነው። እንደ ዲፒኤ 4099 ያለ በመሣሪያው ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ከገመድ አልባ ማስተላለፊያ ጋር ይሠራል፤ ቁንጣጩ እንጨቱን ይያዝ እንጂ ቆዳውን አይንካ።

ዋሽንት ላይ የተለመደው ስሕተት ማይኩን እንደ ዘፋኝ አፍ ላይ መደቀን ነው። ትንፋሹ ማይኩን በቀጥታ ይመታዋል፣ የሚሰማውም ነፋስ ነው። የዋሽንቱ ድምፅ ከጣት ቀዳዳዎቹም ይወጣልና ማይኩን ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቀው ወደ ቀዳዳዎቹ ከጎን ያዙሩት፤ ስፖንጅ ያልብሱት።

ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ያጎራል፣ ጠባቡ ይሰነጥቃል። አንድ ማይክ ብቻ ካለ ወደ ጠባቡ ፊት ያድላ፤ የሰፊው ጉርምርምታ በራሱ ይደርሳል። ሁለት ካሉ ለሰፊው እንደ ኤኬጂ ዲ112 ወይም ሹር ቤታ 52ኤ ለትልቅ ከበሮ የተሠራ ዳይናሚክ፣ ለጠባቡ ኤስኤም57 ይቆማል። ሁለቱ ማይኮች ግን ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ቆዳው ሲመታ አየሩ ከአንዱ ሲሸሽ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሲደባለቁ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። መፍትሔው ሚክሰሩ ላይ ክብ ውስጥ ሰረዝ ያለበትን የፖላሪቲ ቁልፍ በአንደኛው ቻናል ላይ መጫን ነው። ከበሮው ወዲያው ደረት ያወጣል።

ከሁሉም ትዕግሥት የሚጠይቀው በገና ነው። ዐሥሩ ክሮች በድልድዩ ላይ ሲያርፉ እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ከሥራቸው ይገባሉ፤ በገናን በገና ያሰኘው ንዝረት የሚመጣው ክሩ እነዚህን ቆዳዎች ሲነካ ነው። እናም መሣሪያው በአንድ ጊዜ በጣም ወፍራምም በጣም ረቂቅም ነው። ማይኩ ወደ ድልድዩ በጣም ሲጠጋ ንዝረቱ ወደ ዝንብ ድምፅ ይለወጣል፤ ወደ ሳጥኑ ቆዳ ሲጠጋ ጉምጉምታው ቃሉን ይውጠዋል። ትንሽ ሽፋን ያለው ኮንደንሰር፣ ለምሳሌ ሮድ ኤንቲ5፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቆ በድልድዩና በሳጥኑ መሀል ወዳለው ቦታ ሲያይ ሚዛኑ ይገኛል። እዚህ ዳይናሚክ አይመከርም፤ የክሩን የንዝረት ጭራ እየቆረጠ ይጥለዋል፣ የበገና መዝሙር ደግሞ የሚኖረው በዚያ ጭራ ውስጥ ነው።

ችግሩ ደርዳሪው ይዘምራል፣ ያውም በለሆሳስ። የድምፁ ማይክ በገናውን ይሰማል፣ የበገናው ማይክ ድምፁን። ጸጥ ያለ ክፍልና ጥሩ ዘማሪ ካሉ አንድ ማይክ ብቻ በክንድ ርቀት አቁሞ፣ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሚዛኑን መፈለግ ከሁሉ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። መለየት ግድ ከሆነ የሚሰማበት አቅጣጫ የስምንት ቁጥር (8) ቅርጽ ያለው ማይክ ይፈለግ፤ ከፊትና ከኋላ ይሰማል፣ በ90 ዲግሪ በጎኖቹ ግን ፍጹም ደንቆሮ ነው። የድምፁን ማይክ ጎን ወደ በገናው፣ የበገናውን ማይክ ጎን ወደ ዘማሪው አፍ አዙሮ ማቆም በየትኛውም ሶፍትዌር የማይገኝ ልዩነት ያመጣል።

ለሌሎቹ ነገሩ አጭር ነው። ኪቦርድ ማይክ አይፈልግም። ለጊታር አምፕሊፋየር ኤስኤም57 ከስፒከሩ መሀል ትንሽ ወደ ጠርዙ ወጣ ብሎ ይቆማል። ሳክስፎን የሚናገረው በአፉ ብቻ ስላልሆነ እንደ ሰንሃይዘር ኤምዲ 421 ያለ ማይክ ከአፉ በላይ ሆኖ ወደ ቁልፎቹ ያያል። ለመዘምራን ቡድን ማይክ ከመብዛቱ ማነሱ ይሻላል፦ ሁለት ማይኮች ሲቆሙ በመካከላቸው ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከዘማሪዎቹ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ጸናጽል የያዙት ወደ ዳር ይቁሙ።

ሲገዙ

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያገለገለ ገመድ አልባ ማይክ ልላክ ሲል መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲው ይጠየቅ። አሜሪካ ውስጥ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ለሞባይል ኩባንያዎች ስለተሸጠ ከጁላይ 2020 ወዲህ ለማይክ ተከልክሏል። እዚያ መድረክ ላለው አበሻ ባንድም ይኸው ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ዕቃው ከመላኩ በፊት መጠየቅ ጉምሩክ ላይ ከመከራከር ያድናል።

ኤስኤም58 አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ናቸው። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ የወርቅ ወይም የወጥ ቤት ሚዛን ያለበት ሱቅ ሩቅ አይደለም፣ ያስመዝኑት። ዋጋው ከሌሎች ሱቆች በግማሽ ካነሰ ምክንያት አለው። ከተቻለ የራስዎን መሣሪያ ይዘው ይሂዱ፤ ሁለት ማይክ አጠገብ ለአጠገብ፣ በእኩል ርቀት፣ በእኩል የድምፅ መጠን ይሞክሩ። ትንሽ ከፍ ብሎ የተከፈተው ማይክ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና መጠኑን ሳያስተካክሉ አይፍረዱ። ገመዱንም አብረው ይግዙ፦ የታወቀ መሰኪያ ያለው ኤክስኤልአር ገመድ፣ ከመድረክ እስከ ሚክሰር የሚደርስ፣ አንድ ትርፍ ጨምረው።

ማይኩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ወንፊቱን መርሳት አይገባም። የኤስኤም58 ወንፊት በእጅ ዞሮ ይፈታል። በየጊዜው ከማይኩ ለይተው ከውስጡ ስፖንጅ ጋር በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና ይጠቡት፤ ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መልሰው አይግጠሙት፤ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ኮንደንሰር ከሆነ ግን ምንም አይፈታም፣ ምንም አይታጠብም፤ ከአቧራና ከእርጥበት ተጠብቆ በሳጥኑ ውስጥ ይደር።